ስክሪን ላይ ያለ እጅ ሲናገር

ቨርቹዋል ኤጀንት በኮምፒውተር ተሠርቶ ስክሪን ላይ ሰው የሚያነጋግር ሰው መሰል ምስል ነው። ተመልካቹ ነፍስ እንደሌለው ያውቃል፤ ቢሆንም አንገቱን ሲደፋ «አፈረ»፣ ሲያፈጥ «ተቆጣ» ይላል።

ለዚህ ፊት እንኳ አያስፈልግም። ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ሲመል እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጡት ጥናት ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾችና አንዲት ትንሽ ክብ ወዲያ ወዲህ የሚሉበትን አጭር ፊልም አሳዩ። ያዩትን እንዲጽፉ ከተጠየቁት 34 ሰዎች፣ ነገሩን የቅርጾች እንቅስቃሴ አድርጎ የጻፈው አንድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ጠብና ማሳደድ ተረኩ።

እንግዲህ ቆዳና ፀጉር ሲያሳምሩ የሚያድሩ ሠሪዎች ድካማቸውን ያለ ቦታው አውለውታል። ወሳኙ እንቅስቃሴው ነው፤ ከእንቅስቃሴውም የጊዜ አጠባበቁ። ሰው ሲያወራ እጁ ከማረፊያው ይነሣል፣ ዋናውን ምት ያሳርፋል፣ አንዳንዴም እዚያው ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ይመለሳል። የእጅ ምልክትን ያጠናው ዴቪድ ማክኒል እንደገለጸው ምቱ ጎላ ብሎ ከሚነገረው ድምፅ ጋር ይገጥማል፣ ወይም ይቀድመዋል፤ አይከተለውም። «ዓሣው ይህን ያህላል» የሚል ኤጀንት ቃሉን ጨርሶ እጁን ቢዘረጋ፣ የተሸመደደ ነገር የሚያነበንብ ይመስላል። ተመልካቹ ጥፋቱ የት እንደሆነ ላይነግርዎት ይችላል፤ «አንድ ነገር ይጎድለዋል» ብሎ ያልፋል።

የምልክቱ ቦታም እንዲሁ ነው። ጀስቲን ካሰልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት «ቢት» የተባለ ፕሮግራም ጽሑፍ ይቀበልና አድማጩ ከሚያውቀው ይልቅ አዲስ የሆነበትን ክፍል ፈልጎ ምልክቱን እዚያ ላይ ያደርጋል። ያንኑ የእጅ ውዝዋዜ ለ«እንደምን አደሩ»ም ለ«ሂሳብዎ ባዶ ነው»ም የሚያስደጋግም ሠሪ የእነ ካሰልን ሥራ ቢያነብ ይበጀው ነበር።

አገር ደግሞ ፍቺውን ይለውጣል። ቡልጋሪያዊ ራሱን ግራ ቀኝ ሲወዘውዝ «አዎ» ማለቱ ነው። ኢትዮጵያዊ ደግሞ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ይስማማል፤ ይህን ያልተማረ ኤጀንት አድማጩ የደነገጠ ሊመስለው ይችላል።

ማዳመጥም እንቅስቃሴ ነው፤ ብዙዎች ግን ይረሱታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በኤም አይ ቲ የተሠራችው ቤት አሻሻጭ ኤጀንት «ሪያ» ይህን ታውቅ ነበር። እየተናገረች ሳለ ደንበኛው እጁን ካነሣ፣ መናገር እንደፈለገ ቆጥራ ተራውን ትለቅለታለች።