አለትን መሰንጠቅና የሕዝብ አስተያየት፦ ከቢላቴ ዳርቻ ሲታይ

የወላይታ ከርሰ ምድር የሚታወቀው በጋዝ ሳይሆን በሙቀት ነው፤ ከሶዶ በስተምሥራቅ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የሚገኘው ዱጉና ፋንጎ፣ በፍል ውሃዎቹ ምክንያት በኢትዮጵያ የጂኦተርማል፣ ማለትም የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል፣ ሥፍራዎች ዝርዝር ውስጥ ከገባ ቆይቷል። በመሆኑም «ፍራኪንግ» በተባለው የነዳጅና የጋዝ ማውጫ ዘዴ ላይ በሌላው ዓለም የተነሣው ክርክር፣ ሩቅ ቢመስልም፣ ጥልቅ ቁፋሮ ለሚጠብቀው አካባቢ ባዕድ አይደለም።

ፍራኪንግ አለትን በፈሳሽ ግፊት መሰንጠቅ ሲሆን፣ ለንግድ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ ነው። ጉድጓዱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ወደ ታች ከወረደ በኋላ፣ ጋዝ አፍኖ በያዘው ሼል በተባለ ደቃቅ የጭቃ አለት ውስጥ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ከዚያም አሸዋና ጥቂት ኬሚካል የተቀላቀለበት ውሃ በከባድ ግፊት ይለቀቅበታል። አለቱ ሲሰነጠቅ የአሸዋው ቅንጣቶች ስንጥቁ ውስጥ ገብተው እንዳይገጥም ስለሚይዙት፣ ግፊቱ ሲቀንስ ጋዙ በዚያው ወደ ጉድጓዱ ይፈስሳል። ኬሚካሉ ብዙውን ጊዜ ከፈሳሹ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ይሁንና አንድ ጉድጓድ ከ10 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ሊፈጅ ስለሚችልና ተመልሶ የሚወጣው ፈሳሽም ጨውና ብክለት ስለሚይዝ፣ መቶኛው ብቻውን ማንንም አያረጋጋም፤ ሊያረጋጋም አይገባም።

ፈረንሳይ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2011 አግዳለች። በብሪታንያ የመንግሥት ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ተቃዋሚው ከደጋፊው የበዛ ሲሆን፣ እጅግ ብዙ ሰው ግን ከሁለቱም ወገን አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 በላንካሻየር በፍራኪንግ ሳቢያ በሬክተር መለኪያ 2.9 የደረሰ መንቀጥቀጥ ከተሰማ በኋላ መንግሥት በኅዳር ሥራውን አስቁሟል።

የእንፋሎት ቁፋሮ ሁልጊዜ ፍራኪንግ አይደለም፤ በአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል ጣቢያ እንደሚታየው፣ ሙቅ ውሃው ተፈጥሮ ራሷ በሰነጠቀችው አለት ውስጥ ካለ ወደ ላይ ማውጣቱ ይበቃል። አለቱ ሙቅ ሆኖ ደረቅ ሲሆን ግን ውሃ በግፊት ይገባበታል፤ በዚህ ዓይነት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 የስዊዘርላንዷ ባዝል 3.4፣ በ2017 ደግሞ የደቡብ ኮሪያዋ ፖሃንግ 5.5 በሚለካ መንቀጥቀጥ ተናውጠዋል፤ ሁለቱም ፕሮጀክቶች ተቋርጠዋል። ስለዚህ ሕዝቡ ሐሳቡን የሚሰጠው በየትኛው ዘዴ ላይ እንደሆነ ተለይቶ ሊነገረው ይገባል፤ አለዚያ ጥርጣሬው ፍትሐዊ ነው።

በቢላቴ ወንዝ ቆላ ውሃ ብርቅ በመሆኑ፣ የገበሬው የመጀመሪያ ጥያቄ የቁፋሮው ውሃ ከየት እንደሚቀዳና የት እንደሚፈስስ መሆኑ አይቀርም። ስምጥ ሸለቆው በራሱም የሚንቀጠቀጥ ስለሆነ፣ የተፈጥሮውን ከቁፋሮው መለየት የሚቻለው መለኪያ መሣሪያው አስቀድሞ ሲተከል ብቻ ነው። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና የዞኑ ውሃ መምሪያ የጉድጓዶችንና የወንዙን ውሃ ጥራት ከቁፋሮው በፊት ቢለኩ፣ ውጤቱንም በወላይትኛ በየቀበሌው ቢያስነግሩ ይበጃል፤ የቁፋሮው ማሽን ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ልኬት ለንጽጽር አይበቃም።