አክሶሎትል ስለሚባለው እንስሳና ተባዕቱን ከእንስቷ ስለ መለየት
(በራዲዮ ከተነገረው ትምህርት)



እንስሳ በቤቱ የሚያሳድግ ሰው ስለ ምግቡና ስለ ማደሪያው እንደሚያስብ ሁሉ፣ ወደፊት ስለሚወለዱትም አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። በግና ዶሮ የሚያረባ ሰው ከብቱ ሲበዛለት ደስ ይለዋል፤ ጥቅሙ በመብዛቱ ነውና። ለደስታና ለትምህርት ብቻ የሚያዝ እንስሳ ግን ያለ ልክ ሲረባ ለባለቤቱም ለራሱም መከራ ይሆናል። ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰዎች በመስታወት ገንዳ የሚያሳድጉት አክሶሎትል ነው።

የአክሶሎትል የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን፣ መኖሪያውም በዋና ከተማው አጠገብ የነበሩት የሾቺሚልኮና የቻልኮ ሐይቆች ናቸው። እርሱ የእንቁራሪት የሩቅ ዘመድ ነው። ይሁን እንጂ እንቁራሪት ስታድግ ስንጥቧን ጥላ ወደ የብስ ስትወጣ፣ አክሶሎትል በራሱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተዘረጋውን ስንጥቡን ሳይጥል፣ የልጅነት መልኩን እንደ ያዘ ዕድሜውን በውሃ ውስጥ ይፈጽማል። መልኩ የልጅ ይሁን እንጂ ለመዋለድ የደረሰ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1864 ዓ.ም. 34 አክሶሎትሎች ከሜክሲኮ ወደ ፓሪስ ተልከው ነበር። ከእነዚህም 6ቱ ኦጉስት ዱሜሪል ለተባለው የእንስሳት ሊቅ ተሰጡት፤ አምስቱ ተባዕት፣ አንዷ ብቻ እንስት ነበረች። በሚከተለው ዓመት ይህች አንዲት እንስት ዕንቁላል ጣለች፤ ዘሯም ተባዝቶ ለሌሎች ሊቃውንት ታደለ። ተባዕትና እንስት በአንድ ገንዳ ሲኖሩ ምን እንደሚከተል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ግልገሎች ሳሉ ጾታቸው አይለይም። ምልክቱ የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ተባዕቱ ከኋላ እግሮቹ ቀጥሎ በጅራቱ ሥር ጎላ ያለ እብጠት ያወጣል። የእንስቷ እብጠት አነስተኛ ሆኖ፣ ሆዷ ግን ሰፋና ክብ ይላል። ምልክቱ እስኪታወቅ ድረስ «ሁለቱም እንስት ናቸው» ብሎ መተማመን አይገባም።

አወላለዳቸውም እንዲህ ነው። ተባዕቱ ዘሩን በዝልግልግ ነገር አድርጎ በገንዳው ወለል ላይ ያኖራል፤ እንስቷም በላዩ ስታልፍ ወደ ሰውነቷ ታነሣዋለች። ከጥቂት ሰዓት ወይም ከጥቂት ቀን በኋላ ከ100 እስከ 1,000 የሚደርስ ዕንቁላል በቅጠልና በድንጋይ ላይ ትለጥፋለች። ዕንቁላሎቹም በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይፈለፈላሉ። የተፈለፈሉት በየቀኑ ሕይወት ያለው ረቂቅ ምግብና ንጹሕ ውሃ ይሻሉ፤ ሲራቡና ሲጨናነቁም አንዱ የሌላውን እግር ይነክሳል። ይህን ሁሉ የሚችል ቤት የቱ ነው? ከዚህም በላይ እንስቷ ዕረፍት ሳታገኝ ደጋግማ ስትጥል ሰውነቷ ይደክማል። ከአንድ እናት የተወለዱ እኅትና ወንድም ሲዋለዱም ዘሩ ይዳከማል።

ስለዚህ ዋነኛው መፍትሔ ተባዕቱንና እንስቷን በሁለት ልዩ ልዩ ገንዳዎች ማኖር ነው። በአንድ ገንዳ መካከል መከለያ ማቆም አያስተማምንም፤ እንስሳው በላዩ ወይም በጎኑ ሾልኮ ሊያልፍ ይችላልና። የሁለቱም ገንዳ ውሃ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዘ ይሁን። እንስቷ አስቀድማ ከተባዕት ጋር ከነበረች፣ ከተለየችም በኋላ ልትጥል ስለምትችል ገንዳዋን መመልከት ያስፈልጋል። ዕንቁላል ቢገኝ ጽንሱ ቅርጽ ሳይዝ በመጀመሪያው ቀን ለቅሞ በበረዶ ማቀዝቀዣ ማድረቅ ይገባል እንጂ ወደ ወንዝ መጣል ፈጽሞ አይገባም።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ «አክሶሎትል በአገሩ እየጠፋ ነው ከተባለ፣ ማብዛቱ ጽድቅ አይሆንምን?» ይል ይሆናል። መጥፋቱስ እውነት ነው። በሾቺሚልኮ በ1998 በተደረገው ቆጠራ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 6,000 ያህል ሲገመት፣ በ2014 ግን 36 ያህል ብቻ ተገኘ። ያጠፋውም የመራቢያ ማነስ ሳይሆን የውሃው መቆሸሽና ከውጭ የገቡት የካርፕና የቲላፒያ ዓሦች ናቸው። በየቤቱ የሚያድጉት ደግሞ ከአገራቸው ከብዙ ትውልድ በፊት የተለዩ፣ ከሌላ የሳላማንደር ዘርም ጋር የተዳቀሉ ስለ ሆኑ፣ ቢለቀቁ በሽታና የተደባለቀ ዘር ያገባሉ። የቤት ገንዳ መሙላት የሾቺሚልኮን ውሃ አያጠራም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ሺህ ነፍስ ከተፈጠረ በኋላ ምን ላድርግ ብሎ ከመጨነቅ፣ አንድ ገንዳ አስቀድሞ መጨመር ይቀላል። እንስሳን መውደድ ማለት ማብዛት ብቻ አይደለም፤ ልንመግበውና ልንጠብቀው በምንችለው ልክ መያዝ ነው።