ወንዱ ድኩላ ብቻውን የሚሄድበት ምክንያት

በግምጃ ቤት ዙሪያም ሆነ በሌላው የአዊ ደጋ፣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ባልጠፋባቸው ደኖች ጥግ፣ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድኩላ ብቅ ይላል። የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ በመሆኑ «ከመንጋው የጠፋ» የሚሉት አሉ። ድኩላ ግን መንጋ የለውም። እናት ከግልገሏ ጋር ካልሆነች በቀር እያንዳንዱ ለብቻው ይግጣል፣ ለብቻውም ይተኛል።

ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ዕድሜው በገፋ መጠን ጠጉሩ እየጠቆረ ይሄዳል፤ በአገራችን ደጋማ ደኖች የሚኖረውና በዐፄ ምኒልክ ስም የሚጠራው ዝርያ ወንዱ ጥቁር እስከ መባል ይደርሳል። ይህ ጥቁረት ለሌሎች ወንዶች ምልክት ነው። ሁለት ጎልማሶች ሲገናኙ አስቀድመው አይዋጉም። ጀርባቸውን አጉብጠው፣ የጀርባቸውን ጠጉር አቁመው፣ እግራቸውን እያነሡ በዝግታ ጎን ለጎን ይራመዳሉ፤ እያንዳንዱ ግዝፈቱን ያሳያል። ደካማው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ዘወር ካለ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እኩያሞች ሆነው ለመራባት የደረሰች ሴት በመካከል ካለች ግን ቀንድ ለቀንድ ይያያዛሉ፤ ቀንዱ ሹል ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ሊሞት ይችላል። ያን ያህል አደጋ ስላለው ይመስለናል ሰልፉ የረዘመው።

ሁሉም የቀንድ አውሬ እንዲህ አይደለም። በሰንቀሌ የሚገኘው ቆርኬ ወንዱ የራሱን ሜዳ ይዞ፣ በኩይሳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሜዳ ያላገኙት ወንዶች ለብቻቸው ይሰበሰባሉ። የባሌው ደጋ አጋዘን፣ ለሳይንስ የታወቀው በ1910 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከድኩላ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ወንዱም እንደ ድኩላ ጎኑን እያሳየ ይፎካከራል።

ለሰበካ ጉባኤያት የሚበልጠው ጉዳይ የወጣቱ ወንድ ነው። ቀንዱ ጎልቶ መታየት ሲጀምር ነባሩ ወንድ አያስቀርበውም፤ ስለዚህ ከተወለደበት ደን ይወጣል። መውጣቱም ለዘሩ ይበጃል፤ በአንዲት ትንሽ ደን ውስጥ ቢቀር የሚዳቀለው ከእኅቶቹ ጋር ነበርና። ፈረስና ከብት ማርባት የለመደው የአዊ ገበሬ፣ በአንድ ኮርማ ብቻ ለብዙ ዘመን የረባ በረት እየደከመ እንደሚሄድ ያውቃል። ችግሩ በአንዱ ቤተ ክርስቲያን ደንና በሌላው መካከል ያለው ማሳ ነው። በዚያ ሲያልፍ ውሻ ይከተለዋል፣ ሰውም «አውሬ መጣ» ብሎ ይወጣበታል። አንድ ወጣት ወንድ በተገደለ ቁጥር ሁለት ደኖች ይለያያሉ።

ስለዚህ በቅድሚያ የምንለምነው ቅጽሩን ለማሳመር ሲባል የደኑ ሥር ቁጥቋጦ ተመንጥሮ እንዳይጠረግ ነው። ድኩላ የሚኖረው በዛፉ ቁመት አይደለም፣ በቁጥቋጦው ነው፤ እናትም ግልገሏን የምትደብቀው በዚያው ነው። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ደናቸውን ክበው ከብት እንዳይገባ አድርገዋል። እንዲህ ያለው ካብ ዘላዩን ድኩላ አያግደውም፤ እሾሃማ ሽቦ ግን ያቆስለዋል። በደኖች መካከል የወንዝ ዳር ዛፍና ቁጥቋጦ ቢቀር መተላለፊያ ይሆናል። በአዊ የተስፋፋው ዲከረንስ ለጊዜው መሸሸጊያ ሊሆን ቢችልም፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለከሰል ስለሚቆረጥ መተማመኛ አይደለም።

ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ መሆኑን ብዙ ምእመናን አልሰሙም፤ ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጠው ማስታወቂያ ቢነገር ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ውሾችን ማሰሩ ግን ከማስታወቂያ ይልቅ የጎረቤት ምክክር ይፈልጋል፤ በተለይ ድኩላው ብዙ በሚንቀሳቀስበት በማለዳና በምሽት።