በእጅ ስለሚሞላ ጥይትና ስለ ነጋዴው ኃላፊነት

ንግድ የሚጸናው በዕቃው መልክ ሳይሆን በዕቃው እውነተኛነት ነው። ጨርቅ ይለካል፤ ቡና ይቀመሳል፤ ማርትሬዛ ብርም በሚዛን ይፈተን ነበር። ጥይት ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። እውነተኛ መሆኑ የሚረጋገጠው በመተኮስ ብቻ ስለሆነ፥ ፈትኖ ያወቀው ሰው ዕቃውን አጥቶታል። የተፈተነው አልቋል፤ የቀረው አልተፈተነም። በእጅ በተሞላ ጥይት ላይ የሚነሣው ጥርጣሬ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ገበያ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ፥ ጥይት ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። ይልቁንም የውጅግራ ጥይት ለዝርዝር መገበያያ ያገለግል ነበር። ውጅግራ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጣችው፥ 11 ሚሊሜትር የሆነ፥ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ጠመንጃ ነው። የጥይቱ አረር 25 ግራም፥ ባሩዱ ደግሞ ከ5 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ታዲያ ጥይቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተቀባዩ የሚያየው ናሱንና አረሩን እንጂ በውስጡ ያለውን አልነበረም። በባዶ ቀለህ ውስጥ አመድ ተሞልቶ አረር ቢደፈንበት፥ ለገበያው ገንዘብ ሆኖ ያልፋል፤ ለተኳሹ ግን ከባዶ እጅ አይሻልም።

ጥይት ገንዘብ መሆኑ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይሁን እንጂ ጠመንጃ እንደ ክብር ዕቃ በሚታይበት፥ በሰርግና በለቅሶም ተኩስ በሚሰማበት አገር፥ ጥይት በተወደደ ቁጥር ባዶ ቀለህ ለቅሞ መሙላትን የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ የእንጅባራም ሆነ የዳንግላ ባለሱቅ የነገሩን አሠራር ቢያውቅ ይጠቀማል።

ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ቀለሁ፥ ባሩዱ፥ አረሩና ከቀለሁ ግርጌ ተደፍና በምት እሳት የምትጭረው ቆብ ናቸው። ከተኩስ በኋላ ዳግም ሊያገለግል የሚችለው ቀለሁ ብቻ ነው፤ ሦስቱ መተካት አለባቸው። ስሕተት የሚገባውም በእነዚህ በአራቱ በኩል ነው።

የመጀመሪያው አደጋ በባሩዱ ነው። ጥቁር ባሩድና ጢስ የለሽ ባሩድ በስም እንጂ በኃይል አይመሳሰሉም። ጢስ የለሹ እ.ኤ.አ. በ1886 ከፈረንሳዩ ሌበል ጠመንጃ ጋር ወደ ጦር ሠራዊት ገባ፤ ከእርሱ በፊት የተሠሩት ጠመንጃዎች ግን ኃይሉን እንዲችሉ አልተበጁም። ለጥቁር ባሩድ በተሠራ ቀለህ ውስጥ ያንኑ ያህል ጢስ የለሽ ባሩድ የጨመረ ሰው ጠመንጃውን በተኳሹ ፊት ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። ባሩዱ ሲያንስም አደጋው አይቀርም፤ አረሩ ከአፈሙዙ ሳይወጣ መካከል ላይ ይቀራል፥ ተኳሹም ይህን ሳያውቅ ሁለተኛውን ሲተኩስ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው በቀለሁ ነው። ናስ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፥ ይደርቃል፥ ከግርጌው በላይም ይሳሳል። ብዙ ጊዜ የተሞላ ቀለህ ከሁለት ተቆርጦ የጋለ አየር ወደ ተኳሹ ዓይን ሊለቅቅ ይችላል። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ካልታጠበ እርጥበት እየሳበ ናሱን ይበላዋል፤ በእንጅባራ ደጋ ክረምት ይህ ቸል የሚባል ነገር አይደለም። በጥንቶቹ ቆቦች ውስጥ የነበረው ባዜቃም ናሱን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ይህን ከውጭ ያየ ዓይን አይለየውም።

ሦስተኛው በቆቧ ነው። ወደ ላይ ብቅ ብላ የተደፈነች ቆብ የጠመንጃው ቃታ በደንብ ሳይዘጋ ልትነድ ትችላለች፤ ያረጀች ወይም እርጥበት የነካት ደግሞ ዘግይታ ትነዳለች፥ ወይም ጨርሶ አትነድም።

አራተኛው በአረሩ ነው። ወፍሮ ወይም ከልክ በላይ ጠልቆ የተደፈነ አረር የባሩዱን ግፊት ያለ ልክ ከፍ ያደርገዋል።

በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚታየው የክላሽንኮቭ ጥይት ቀለሁ በአብዛኛው ብረት ነው፤ የቆቧም አደፋፈን ለማውጣት የማይመች ነው። ስለዚህ «በእጅ የተሞላ የክላሽ ጥይት» ተብሎ የቀረበለት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠራጠር ይገባዋል።

ይህ ሲባል ግን በእጅ የተሞላ ጥይት ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ የዒላማ ተኳሾች የራሳቸውን ጥይት ሞልተው በደኅና ይተኩሳሉ። እነርሱ ግን የባሩዱን ዓይነት ከነስሙ ያውቃሉ፤ በሚዛን ይመዝናሉ፤ ከታተመ ሠንጠረዥ አይወጡም፤ እያንዳንዱ ቀለህ ስንት ጊዜ እንደተሞላ ይመዘግባሉ። ከሁሉ በላይ፥ የሞላው ራሱ ተኳሹ ስለሆነ ስሕተቱ በራሱ ላይ ይመለሳል። እንዲህም ሆኖ ብዙ የጠመንጃ ፋብሪካዎች በእጅ በተሞላ ጥይት ለሚደርስ ጉዳት ዋስ አንሆንም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1914 በተመሠረተው ዓለም አቀፍ የጠመንጃ ፍተሻ ኮሚሽን ሥር ባሉ አገሮች ደግሞ፥ የፋብሪካ ጥይት ከመሸጡ በፊት ከየምርቱ ናሙና ተወስዶ ግፊቱ ይለካል። በገበያ ላይ በከረጢት የሚቀርብ ጥይት ግን ሚዛንም፥ መዝገብም፥ ተጠያቂ ሰውም የለውም።

ከዚህም በላይ ሕግ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያንና የጥይትን ሥራ በፈቃድ ሥር አድርጎታል። ያለ ፈቃድ ጥይት መሙላትና መሸጥ የንግድ ስም ብቻ ሳይሆን ነጻነትም የሚያሳጣ ተግባር ነው።

ቁርጥራጭ ናስ የሚገዙ ነጋዴዎችም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ከባዶ ቀለህ መካከል ያልተተኮሰ ጥይት ወይም ያልነደደች ቆብ ያለባት ቀለህ ልትገኝ ትችላለች፤ ይህችም በመዶሻ ስትቀጠቀጥ ወይም በማቅለጫ እሳት ውስጥ ስትገባ ሠራተኛውን ትጎዳለች። ስለሆነም ናሱ ከመመዘኑ በፊት በአንድ በአንዱ ይታይ፤ ያልተተኮሰ ሲገኝ ማንም ሳይከፍተው በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ይነገር።

መጥፎ ጨርቅ የሸጠ ነጋዴ ዋጋውን መልሶ ደንበኛውን ይቅርታ ሊጠይቅ ይችላል። መጥፎ ጥይት የሸጠ ግን የሚመልሰው ነገር የለውም።