የቤይሩቱ ስልክ ቁጥር

አራት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት፣ ከቤይሩት የተመለሰች ሴት ደብተሯ ላይ የጻፈችውን የነፃ ፋይል ማስቀመጫ አካውንቷን የይለፍ ቃል ለኮምፒውተሩ ልጅ አሳየችው። ልጁ አስገባው፤ ቃሉ ትክክል ነበር። ስክሪኑ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ፦ ወደ ስልኳ የተላከውን ኮድ። ስልኩ የሊባኖስ ቁጥር ነው፤ ሲም ካርዱ ከጠፋ ቆይቷል። አካውንቱ ውስጥ ያሉት፣ ወንድሟ ከገጠር እየላከላት ያጠራቀመቻቸው የአባቷ ፎቶዎች ናቸው። አባቷ ያረፉት እሷ ሰው አገር ሳለች ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ያ ከሰዓት ነው።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት አዛውንት ጥግ ላይ የተደረደሩትን የኔጋቲቭ ሳጥኖች በእጃቸው እያመለከቱ፣ «እኔ ዘንድ ኔጋቲቭ ጥሎ የሄደ ሰው አሥር ዓመት ቆይቶ ቢመጣ ፊቱን አይቼ አወጣለታለሁ» አሉ። «ደረሰኝ የጠፋበትም መጥቷል። ከነሚስቱ ከነልጆቹ መጥቶ ‹ያ ጉርድ ፎቶ የእኔ ነው› ያለኝ አለ። አመንኩት። አፍንጫው አልተለወጠማ!»

ስለ ነፃ የፋይል ማስቀመጫ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚፈራው የማሽን ብልሽትን ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን አንዱን ፋይል ከአንድ በላይ ዲስክ ላይ ያኖራሉ። ፋይሉን ከባለቤቱ የሚለየው ብዙ ጊዜ የሰው ውሳኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2012 የአሜሪካ መንግሥት የፋይል ማስቀመጫ ድረ ገጹን ሜጋአፕሎድን በቅጂ መብት ጥሰት ከስሶ ሲዘጋው፣ የተሰረቀው ፊልምም የሰው የግል ፋይልም አብሮ ተቆለፈ። ኦሃዮ ውስጥ የትምህርት ቤት ስፖርት ውድድሮችን እየቀረጸ የሚተዳደር ሰው የገዛ ሥራው እንዲመለስለት ፍርድ ቤት አቤት አለ። የራሱ ሃርድ ዲስክ ድርጅቱ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ተበላሽቶበት ነበር። ያውም ከፋይ ደንበኛ ነው። ካርፓቲያ የተባለው የሰርቨር አከራይ 25 ፔታባይት የሚደርስ ዳታ ታቅፎ ኪራይ የሚከፍለው አጣ፤ ሌላው አከራይ ሊዝዌብ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. 630 ሰርቨሮችን አጸዳ።

ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ የደረሰው ደግሞ የእንዝህላልነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኩባንያው፣ ሰርቨር ሲያዛውር ከ2015 በፊት የተጫነው ሙዚቃ ሁሉ እንደጠፋ አመነ። ከ50 ሚሊዮን በላይ ዘፈን እንደሚሆን ተገምቷል። ኢንተርኔት አርካይቭ ከሌላ ምንጭ አግኝቶ ያተረፈው 490,000 ገደማ ነው።

ሌሎቹ ደግሞ ደንቡን ነው የለወጡት። ጉግል ፎቶስ እ.ኤ.አ. በ2015 ፎቶ ያለ ገደብ በነፃ እንደሚያኖር ቃል ገብቶ፣ ከሰኔ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚጫነውን በ15 ጊጋባይት ወሰነው። ሌላው የፎቶ ድረ ገጽ ፍሊከር ለእያንዳንዱ ሰው በነፃ የሰጠውን 1 ቴራባይት ወደ 1,000 ፎቶ አወረደው። ሰው ዕቃውን አስገብቶ ከጨረሰ በኋላ በር ላይ ዋጋ መጥራት ፍትሐዊ አይደለም፤ ውሉ ግን ይፈቅዳል።

ጉግል በ2023 ደግሞ ለ2 ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንት ሊሰረዝ እንደሚችል አስታወቀ። ትግራይ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ለ2 ዓመት ያህል ከኢንተርኔት ተቆርጣ ነበር። ደንቡ የመጣው ግንኙነቱ መመለስ ከጀመረ በኋላ መሆኑ በጀ እንጂ፣ ሰው ሳይፈልግ እንደሚጠፋ ሰርቨሩ በምን ያውቃል?

በነፃ አገልግሎት የሚተማመነው ግለሰብ ብቻ አይደለም። የአንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊ ቢዝነስ ካርዳቸው ላይ ያሳተሙት የነፃ ኢሜይል አድራሻ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ የት እንደሚቀመጥ ሲጠየቁ «በደብዳቤ ይጠየቅ» አሉ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ አልመጣም።

መላው እዚሁ አገር ተሞክሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 የየገዳሙንና የየአድባራቱን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ሲጀመር፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል ገባ። እዚያ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት ካታሎግ ሲሠሩለት ኖሩ። መንግሥት ተለወጠ፣ ጦርነት መጣ፤ ፊልሙ ግን በሁለት አገር፣ በሁለት ጠባቂ እጅ ነበር። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፦ «ታዲያ! አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ ዘበኛ ካልክ ዘበኛው የሞተ ዕለት ምን ልትሆን ነው?»

የሴትየዋ አካውንት አልተከፈተም። ልጁ የመልሶ ማግኛ ቅጹን ሦስት ጊዜ ሞላላት፤ ባለቤትነቷን ማረጋገጥ አልተቻለም የሚል መልስ ሦስት ጊዜ መጣ።

በሁለተኛው ሳምንት ወንድሟ የአባታቸውን የቀበሌ መታወቂያ ይዞ ከገጠር መጣ። ጥጉ ላይ ማኅተም ያረፈበት ጉርድ ፎቶ። አዛውንቱ ስካን አድርገው አጎሉትና «የት ላስቀምጥልሽ?» አሏት። አዲስ ፍላሽ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ሦስትም እንዲያትሙላት ጠየቀች፦ ለእሷ፣ ለወንድሟ፣ ደሴ ላለች እህቷ። እሳቸው አራተኛ ጨምረው ፖስታ ውስጥ ከተቱና በእርሳስ ስሟን ጻፉበት።