በመስጂድ በር ላይ የማይገኙት ድሆች

ረመዷን ሲቃረብ ድጋፍ የሚሰጣቸውን ቤተሰቦች የምንመዘግበው በአብዛኛው መስጂድ በር ላይ ነው። እኛም በሰፈራችን እንዲሁ አደረግን። ዝርዝሩን ስናየው አልጋ ላይ የዋሉት አዛውንት የሉበትም፤ መጠየቅ የሚያፍረው አባወራም የለበትም። ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 273 የሚያወሳው ደግሞ በትክክል እንዲህ ያሉትን ነው፤ ስለማይለምኑ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚላቸውን።

ሶሻል ወርክ የሚማሩ ወንድምና እህቶች በምርምር ዘዴ ትምህርታቸው ይህን ስህተት የናሙና መዛባት ይሉታል። የቀረበልንን ብቻ ጠይቀን ስለ ሰፈሩ ሁሉ መናገር አንችልም። የመጀመሪያውን ቤት በዕጣ መርጦ ከዚያ በየአሥረኛው ማንኳኳት የችግሩን ስፋት ያሳያል። ስም ዝርዝር ግን አይሰጥም፤ ለዚያ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚስጥር እንዲጠቁም ማድረግ ይሻላል።

አጠያየቁም ትምህርት ይፈልጋል። «ችግር አለባችሁ?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ነው፤ ሙስሊም ሌላ ምን ይበል? «ትናንት ማታ ቤት ውስጥ ምን ተበላ? ስንት ሰው በላ?» ብንል ግን የሚመዘገብ መልስ እናገኛለን። እሱንም ልጆቹና ጎረቤቶቹ በማይሰሙበት ቦታ፣ መልስ አልሰጥም ቢል ድጋፉ እንደማይቀርበት አስቀድመን ነግረነው።