አሥመራ የቀረው ማኅደር



አባቴ ከ1969 እስከ 1983 ዓ.ም. አሥመራ በመንግሥት ፋብሪካ ሲሠሩ፥ በየወሩ ከደመወዛቸው ግብርና በመቶ 4 የጡረታ መዋጮ ይቆረጥ፤ አሠሪውም በመቶ 6 ይጨምር ነበር። ገንዘቡ የገባው ለኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ሆነ፥ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ስትሆን ከወሰን ማዶ የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ አንድ ሻንጣ ይዘን መቀሌ ገባን። አባቴም በአንድ መሥሪያ ቤት በንብረት ጠባቂነት ተቀጥረው፥ 13 ዓመት አገልግለው፥ በ2005 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። የአሥመራው አገልግሎት እንዲደመርላቸው ቢያመለክቱ «ማስረጃ ያምጡ» ተባሉ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ደመወዝ ለመጀመሪያው 10 ዓመት በመቶ 30፥ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት በመቶ 1.25 ይታሰባል። አባቴ በመቶ 33.75 ያገኛሉ፤ የአሥመራው 14 ዓመት ቢደመር በመቶ 51.25 በሆነ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ በር ሲከፈት በሳምንቱ ተሻገሩ። ስማቸው በደመወዝ መዝገብ ተገኘ፤ ማኅተሙን የያዙት ሹም ግን ፈቃድ ላይ ነበሩ (ሹም መቼ ከፈቃድ ይመለሳል!)። በሩም ብዙ ወራት ሳይቆይ ተዘጋ።

በጫማ ሣጥን ያስቀመጧቸው 9 የደመወዝ ወረቀቶች አሉን፤ አብረዋቸው የሠሩ 2 ሰዎችም እዚሁ ይገኛሉ። ይህ በማስረጃነት ይቆጠር እንደ ሆነ የሚመለከተው ክፍል በዚሁ ዓምድ እንዲያስረዳን በትሕትና እለምናለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከመቀሌ